አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ቤት፦ በኪራይ ግቢ ተስማምቶ ለመኖር የሚረዳ አሠራር

«ግቢያችን ሰላም የለውም፤ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም ይመጣል። ጠጋ ብለው ሲጠይቁ ነገሩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የመብራት ሂሳብ፣ ሽንት ቤት፣ ወይም ውኃ። አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ መቆጠር ያለበት ስላልተቆጠረ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከቡና አይጀምርም። ሂሳቡ ሳይጠራ ቡና ቢፈላ ሰው ስኒውን ይዞ ይኮራረፋል። መጀመሪያ ቆጣሪው፣ ቀጥሎ ተራው፣ ቡናው ከዚያ በኋላ።

አሠራሩ የሚሆነው ከ4 እስከ 8 ቤት በአንድ አጥር ውስጥ ላለበት፣ ዋና ቆጣሪው አንድ፣ ሽንት ቤቱና ቧንቧው የጋራ ለሆነ ግቢ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ቆጣሪው የየቤቱ ስለሆነ ደረጃ 2ን ለመወጣጫው መብራትና ለውኃ መግፊያ ሞተር ብቻ ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። እርሳስ አይሆንም፤ የሚጠፋ ቁጥር ጠብ ያመጣል።
• ለየቤቱ አንድ ትንሽ ቆጣሪ፣ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ የሚገባ። መግዣ ከሌለ ደረጃ 2 ላይ ያለውን የነጥብ ስሌት ተጠቀሙ።
• ለሽንት ቤት፦ ባልዲ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ብሩሽ፣ የላስቲክ ጓንት፣ በረኪና፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ።
• በወፍራም እስክሪብቶ «ተራ» ተብሎ የተጻፈባት፣ ገመድ የገባባት የቆርቆሮ ክዳን። ጥቅሟ ደረጃ 5 ላይ አለ።
• ሁለት የተለያየ ቁልፍ የሚገባበት ትንሽ የገንዘብ ሳጥን።
• ጀበና፣ ረከቦት፣ እና ከሰዉ ቁጥር በ3 የሚበልጥ ስኒ።

ደረጃ 1፦ አንድ ጊዜ ሁሉንም ሰብስቡ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ምረጡ። በሥራ ቀን የወንዶቹ ግማሽ አይገኝም፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ «እኔ አልተስማማሁም» ይላል። አከራዩ ወይም አከራይዋ መገኘት አለባቸው። በግቢው ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጥሯቸው፤ ልጅ አትላኩ።

በዚያ ቀን የሚወሰነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሂሳብ ማን ይጽፋል፣ ማን አብሮ ያያል፣ ቆጣሪው በወር በስንተኛው ቀን ይነበባል። ጸሐፊውና አብሮ የሚያየው ከተለያየ ቤት ይሁኑ። አከራዩን ጸሐፊ አታድርጉ፤ ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ ተከራይ ይጠረጥራል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ጥሩ የሚሆነው ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ነው፤ ስልኩ ካሜራ አለው፣ ማካፈል አይሰለቸውም። ክረምት ላይ አገሩ ሲገባ ግን ደብተሩ አብሮት እንዳይሄድ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። መብራትና ውኃ በኪራዩ ውስጥ መሆን አለመሆኑ በውሉ ላይ አንድ መስመር ይግባ። ይህች መስመር ስትጠፋ የሚመጣውን ክርክር ምንም ደብተር አይፈታውም።

ደረጃ 2፦ የመብራቱን ሂሳብ አጥሩ

ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው።

የመብራት ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ለሚቆጥርበት መለኪያ) የሚከፈለውም ይጨምራል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው ዋጋ ይወጣል። ሁሉም ቤት ብቻውን ቢሆን ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል፤ ከዚያም ጎረቤቱን ያያል። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ አስረዱ፤ ግማሹ ጥርጣሬ እዚያው ይወድቃል።

ትንንሽ ቆጣሪዎች ካስገባችሁ፦

ሀ. ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። የዋናው ቆጣሪ ማኅተም አይነካም። የእናንተ ቆጣሪዎች የሚገቡት ከዋናው ቆጣሪና ከዋናው ብሬከር በኋላ ነው።

ለ. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑ። የሁሉንም ቤት ብሬከር አጥፉና ዋናውን ቆጣሪ እዩ። ዲጂታል ከሆነ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ማቆም አለባት። ካላቆመች አንድ ቦታ ያላወቃችሁት መስመር አለ፤ የአጥር በር መብራት፣ የአከራዩ ሱቅ፣ አለዚያም የተላጠ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አንድ በአንድ እያበራችሁ የየትኛው ቤት ቆጣሪ እንደሚዞር እዩ። የሁለት ቤት ሽቦ ተለዋውጦ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ሲከፍል ይከርማል።

ሐ. ሁሉንም ቆጣሪ በአንድ ቀን አንብቡ። ዋናው ቆጣሪ አንባቢ የሚመጣለት ከሆነ እናንተም አንባቢው በመጣ ቀን አንብቡ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ በወሩ የተሞላውን ብር በተገዛው መጠን አካፍሉ፤ የአንዱ ዋጋ ይመጣል።

ለምሳሌ በወሩ 1200 ብር ወጥቶ 300 ኪሎዋት ሰዓት ከጠፋ አንዱ 4 ብር ነው። የአምስቱ ቤት ንባብ 40፣ 70፣ 95፣ 55 እና 25 ቢሆን ድምሩ 285 ነው። የጎደለው 15 የግቢ መብራትና በሽቦ የሚባክን ስለሆነ ለአምስት ይካፈላል፤ ለየቤቱ 3 ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት 43 ጊዜ 4፣ 172 ብር ይከፍላል። የቀሩት 292፣ 392፣ 232 እና 112። ደምሩት፤ 1200 ይመጣል። ድምሩ ካልገጠመ ገንዘብ አትሰብስቡ።

ትንሽ ቆጣሪ ከሌለ፦

በነጥብ አስሉ። 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ 1 ነጥብ ተደርጎ፣ መብራትና ስልክ ቻርጅ 1፣ ቴሌቪዥን 1፣ ፍሪጅ 3፣ በሳምንት 2 ቀን የሚጋገርበት ምጣድ 4፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሠራ ስቶቭ 7። የወሩን ሂሳብ በጠቅላላው ነጥብ አካፍሉና ለየቤቱ አባዙ።

ስቶቩ ከምጣዱ መብለጡ ሰው ያስደነግጣል። ምጣድ 3500 ዋት ቢሆንና በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ በወር 8 ጊዜ 42 ገደማ ነው። 1500 ዋት ስቶቭ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ በወር 67 ይደርሳል። በየግቢው የሚወቀሰው ግን ምጣድ ነው፤ ሲበራ መብራቱን ስለሚያደበዝዝ ይታያላ!

ንባቡ የበዛበት ቤት ሲኖር በሰው ፊት አትናገሩት። በር ላይ ሄዳችሁ፣ «እትዬ፣ የዚህ ወር ንባብ እርስዎ ቤት 95 ሆኗል፤ ባለፈው 60 ነበር። ይምጡና አብረን እንየው» በሏቸው። አብሮ ያየ ሰው ቁጥሩን አይክድም።

ደረጃ 3፦ የምጣድ ቀን አውጡ

ይህ የመግባባት ብቻ ሳይሆን የእሳት ጉዳይም ነው። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበራ 32 ነው፤ ስቶቭና ፍሪጅ አልተቆጠሩም። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ካልወረደ ደግሞ ሽቦው ይግላል። ስለዚህ ለየቤቱ ቀንና ሰዓት ስጡ፤ ለምሳሌ አንደኛው ቤት ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለተኛው ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት። ሊጥ አይጠብቅምና መብራት ጠፍቶ ቀኑ ያለፈበት ቤት በማግስቱ ቅድሚያ ያግኝ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ሶኬትና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ወይም የላስቲክ ሽታ ካመጣ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ብሬከር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ጠባቂውን አንስቶ ሽቦውን ማቃጠል ነው።

ደረጃ 4፦ ውኃ በሰው ቁጥር

ውኃ እንደ መብራት በዕቃ አይለካም፤ የሚቀለው በነፍስ ወከፍ ነው። ሂሳቡ 600 ብር፣ በግቢው ያለው ሰው 12 ከሆነ ለአንዱ 50 ብር። ሕፃን እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠር፤ ለአንድ ሕፃን ልብስ የሚሄደው ውኃ ከአንድ ወንደላጤ ይበልጣል። ከ7 ቀን በላይ የሰነበተ እንግዳ የግማሽ ወር፣ ከ15 ቀን በላይ የሌለ ሰው ግማሽ ይክፈል። ጠላ ጠምቆ ወይም አረቄ አውጥቶ የሚሸጥ ቤት ካለ 2 ሰው ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ ይህን ግን ከሰውየው ወይም ከሴትየዋ ጋር ተነጋግራችሁ እንጂ በድምፅ ብልጫ አትጫኑ።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሮቶ ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው በቀን 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትመድቡ 12 ሰው 480 ሊትር ይጠቀማል፤ 1000 ሊትር ሮቶ 2 ቀን ያደርሳል። ፈረቃው 4 ቀን ከሆነ ድርሻው በቀን 1 ጀሪካን ነው። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ተነሥቶ የሚሞላው ሰውም ተራ ይኑረው፤ በብዙ ግቢ የምትነሣው ሁሌ አንዲት ሴት ናት፣ የምትናገረውም ሲመራት ብቻ ነው። ሮቶውን በየ3 ወሩ እጠቡ፤ ክዳኑ ክፍት አይደር።

ደረጃ 5፦ የሽንት ቤት ተራ በሳምንት እንጂ በቀን አይሁን

በቀን የሚዞር ተራ ይጠፋል፤ «ትናንት የማን ነበር?» ይጀመራል። በሳምንት ይዙር፤ ርክክቡ እሁድ ጠዋት። የቆርቆሮዋ ክዳን እዚህ ትገባለች። ተራው የደረሰው ቤት በር ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሳምንቱ ሲያልቅ አስረካቢው ተረካቢውን ይዞ ሽንት ቤቱን ያሳያል፣ ንጹሕ ከሆነ ክዳኗ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። ንጹሕ ካልሆነ ተረካቢው አይቀበልም፣ ክዳኗም ካለችበት አትነሣም። ማንም ሳይናገር፣ ከአጥር በር የሚገባ ሁሉ ያያታል።

የዕለቱ ሥራ፦ ወለሉን መጀመሪያ በውኃ ብቻ እጠቡ። ቀጥሎ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 ኩባያውን በ9 ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ቀላቅላችሁ ወለሉንና የበሩን እጀታ አብሱ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ አለቅልቁ። የተቀላቀለውን ለነገ አታሳድሩ፤ ኃይሉን ያጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ሽንት ቤት ለማስለቀቅ ከሚሸጠው አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ይገድላል። ሽንት በተጠራቀመበት ላይም በረኪና አይፈስም፤ መጀመሪያ በውኃ ይታጠብ የተባለው ለዚህ ነው። ወደ ጉድጓዱም በብዛት አትድፉ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተዋሲያን ይገድልና ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል።

ጉድጓዱን በዓመት ሁለት ጊዜ በረጅም እንጨት ለኩ። ቆሻሻው ከወለሉ በታች ግማሽ ሜትር ሲቀረው ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ጥሩ። ባሕር ዳር ያላችሁ ግንቦት ሳያልቅ አስመጡ፤ ጣና ዳር የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ በክረምት ጉድጓዱ ከታች ውኃ እየገባበት ይሞላል፣ ጭቃ ውስጥም መኪና አይገባም። የማስመጠጫው ወጪ የአከራይ ይሁን የተከራይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ቁልፍና ሳጥን

የአጥር በር ቁልፍ ቅጂ ለየቤቱ ይሰጥ፤ ማን ስንት እንደወሰደ ይጻፍ። ቁልፍ የጣለ ሰው የቅጂውን ሳይሆን የቁልፉን ጋን መቀየሪያ ይከፍላል፣ ምክንያቱም የጠፋው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። አምሽቶ የሚገባ ራሱ ከፍቶ ይግባ እንጂ ሌላውን አይቀስቅስ።

በወር ከየቤቱ ትንሽ መዋጮ፣ ለምሳሌ 50 ብር፣ ወደ ሳጥኑ ይግባ። አምፖል፣ በረኪና፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ ድንገት ለታመመ ሰው የባጃጅ፤ ለእነዚህ ብቻ። ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ቤት ይቀመጡ። ከሳጥኑ ማበደር አይፈቀድ፤ ዕቁብ ከፈለጋችሁ ለብቻው ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ አሁን ቡናው

በየሁለት ሳምንቱ እሁድ አንድ ቤት ያፍላ፤ ተራው እንደ ሽንት ቤቱ በቤት ቁጥር ይዙር። እሁድ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለው። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሁድ እስከ ሰዓት መቆየት ስለሌለ ማንም «ጾመኛ ነኝ» ብሎ አይቀርም። በረመዳን ወር ሙስሊም ጎረቤት ካለ ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት። ቁርሱ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ንፍሮ ይሁን፤ ቅቤና ሥጋ ከሌለበት የጾመውም ያልጾመውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሰፌድ ያነሣል። ለ8 ሰው 2 ስኒ ጥሬ ቡና ይበቃል። ከዚያ በላይ የደገሰ ቤት ሌላውን ያሳፍራል፣ በሦስተኛው ዙር ተራ መዝለል ይጀመራል።

ጨዋታው ቅደም ተከተል አለው። በአቦል ስለ ግቢው ጉዳይ አትናገሩ፤ የዘገየ ሰው ገና እየገባ ነው። ደብተሩ የሚከፈተው በቶና ነው፤ የወሩ ድምር ይነበብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይነገር፣ ያልተሠራ ነገር ካለ ይያዝ፣ 15 ደቂቃ አይለፍ። በበረካ ደብተሩ ይዘጋል። ሰው ተጣልቶ እንዳይነሣ የመጨረሻው ስኒ ለጨዋታ ይተው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ በክረምት ስለሚበርድ ከሰል የያዘ ምድጃ ወደ ቤት ይገባል። ከሰል ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይወጣዋል። በርና መስኮት ከፍታችሁ አፍሉ፤ ቡናው እንዳለቀ ምድጃውን አውጡ። ሰው በተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም የተሰማው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፤ ራሱን ከሳተ ወደ ጤና ተቋም።

ደረጃ 8፦ ድግስና ለቅሶ

ክርስትና፣ ማኅበር፣ ተዝካር ወይም ሠርግ ያለበት ቤት 7 ቀን ቀድሞ ይናገር። ጎረቤቶቹ የምጣድ ቀናቸውን ይለቁለታል፣ ሮቶው ለእሱ ይሞላል፤ ቆጣሪው ከድግሱ በፊትና በኋላ ይነበባል። ድንኳን ሲተከል ካስማው የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን አጠገብ አይመታ፣ ክዳኑም ላይ እንጨት፣ ጋን ወይም ሰው አይከመር፤ ያረጀ ክዳን ይሰበራል።

ለቅሶ ሲሆን እድሩ እስኪደርስ ያሉት ሰዓታት የግቢው ናቸው። ሥራው አስቀድሞ ይከፈል፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ልጆች፣ አንዱ ለዘመድ መደወል። ሐዘን ያለበት ቤት ለአንድ ዙር፣ አራስ ያለችበት ቤት ቢያንስ 2 ወር ከሽንት ቤት ተራ ይውጣ።

ደረጃ 9፦ ቅሬታ ሲኖር

ቅሬታ በ3 ቀን ውስጥ ለባለቤቱ ፊት ለፊት ይነገር። ካልተፈታ አንድ ከግቢው፣ አንድ ከውጭ ሆነው ሁለት ሰው ያዩታል፤ ከውጭ የሚሆነው በሠፈሩ የሚከበር አያ ወይም እትዬ ይሁን። አከራይ ዘንድ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው፤ አከራይ ከሰማ መፍትሔው «ቤቱን ልቀቅ» ይሆናልና። የልጆች ጠብ በልጆች ደረጃ ይቅር። የሰው ልጅ አይመታ፤ ለእናቱ ይነገር።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

• ደንቡን 20 መስመር አድርጎ በር ላይ መለጠፍ። የሚያነበው ጸሐፊው ብቻ ነው። ሦስት መስመር ይበቃል፤ የንባብ ቀን፣ የምጣድ ቀን፣ የአጥር በር ሰዓት።
• ሂሳብ በስልክ መልእክት ብቻ መላክ። ስልክ የሌላቸው ወይም ማንበብ የማይችሉ አረጋዊት ካሉ ሁሉ ነገር ከጀርባቸው የተደረገ ይመስላቸዋል። በቃል ንገሯቸው፣ ደብተሩንም አሳዩአቸው።
• የአንድ ወር ዕዳ «ይቆይ» ብሎ ማለፍ። በሁለተኛው ወር ሁለት ቤት ይሆናል። መክፈል ያልቻለ ሰው ካለ ከፊሉን ይክፈል፣ ቀሪው በደብተሩ ይጻፍ፣ ራሱ ይፈርምበት።
• ካርድ እስኪያልቅ መጠበቅ። 30 ኪሎዋት ሰዓት ሲቀረው ሙሉ፤ በዓል ዋዜማ ላይ መሙያው ሰልፍ ነው፣ ሊጡም ቡሃቃ ውስጥ ይቀራል።
• ለቆ የሚሄድን ተከራይ ንባብ ሳይወስዱ መሸኘት። ዕቃው ጋሪ ላይ ሳይጫን ጸሐፊውና ተከራዩ አብረው ቆጣሪውን ይዩ፣ ቁጥሩ ከነቀኑ ይጻፍ፣ የአጥር በር ቁልፉ ይመለስ። ለሚገባው ሰው መነሻው ያው ቁጥር ነው።